ለ3060 ፓወር ሰፕላይ ለጠየቅከው ልጅ፦ ካርቶኑን ተወውና ላቤሉን አንብብ

ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ መልሱ ስለሚረዝም ለዛሬ አሳደርኩት። ያልከው ይሄ ነው፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር አለህ፣ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ ነው፣ ከኬዙ ጋር የመጣ «500 ዋት» ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ቀይሮ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ገጥመሃል፣ ሻጩ ደግሞ «ይበቃሃል፣ ስታቢላይዘር ካለህ ምንም አትሆንም» ብሎሃል። አይበቃህም። ስታቢላይዘሩም አያድንህም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅከው ሱቅ ስትገባ ማንም አይሸውድህም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀል። የኬዙን ጎን ክፈትና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ላቤል በስልክህ መብራት እየው። 12 ቮልት የሚል አምድ አለ፣ ከስሩ አምፔር ተጽፏል። ያንን አምፔር በ12 አባዛው። ፕሮሰሰርህና ግራፊክስ ካርድህ የሚበሉት ከዚህ መስመር ስለሆነ የሚመለከትህ እሱ ብቻ ነው። የኔ የድሮው 16 አምፔር ይል ነበር። 16 በ12 ሲባዛ 192 ዋት። ካርቶኑ ላይ ግን በትልቁ 600 ተብሎ ተጽፏል! የቀረው የት ሄደ ብትለኝ፣ ከፊሉ 3.3 እና 5 ቮልት መስመር ላይ የተደመረ ነው፣ የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ እዛ ብዙም አይበላም። ሌላው እንዲሁ ቀለም ነው።

አሁን ያንተን እንደምር። 3060 ብቻውን 170 ዋት ነው። 5600 «65 ዋት» ቢባልም ሥራ ሲበዛበት ከዛ ያልፋል፣ 76 ያዝለት። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፋን ሲጨመር ሌላ 40 ገደማ። 286 ገባን። በዛ ላይ ግራፊክስ ካርድ እኩል አይበላም፣ ለሽርፍራፊ ሰከንድ ከተጻፈበት በላይ ይጎትታል፣ ኮምፒውተሩ ጌም መሀል ላይ ድንገት ጭልም ብሎ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ ኢንቪዲያ ለ3060 550 ዋት ሲል ዝም ብሎ አይደለም። እውነተኛ 550 ዋት የሆነ እቃ ላቤሉ ላይ 12 ቮልት መስመሩ 45 አምፔር ገደማ ይላል። ያንተን አንብብና አስተያየው።

እኔ ይሄን በነጻ አልተማርኩትም። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ያንን «600 ዋት» ከኬዝ ጋር በአንድ ዋጋ ገዝቼ ስምንት ወር ሠራሁበት፣ ምንም አላለኝም፣ እንዲያውም ለጓደኞቼ «አሪፍ ነው» ብያለሁ። አንድ ማታ ሰርግ ኤክስፖርት ላይ አድርጌ እራት ልበላ ተነሳሁ። መብራት ሄደ። ወዲያው መጣ። እንደገና ሄደና መጣ። ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ክፍሉ ስገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። በማግስቱ ባለሙያ ሲያየው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ አይደለም የሄደው። ማዘርቦርዱም፣ ሃርድ ዲስኩም አብረው ሄደዋል። ከሰርጉ መልሱ ካሜራው ሚሞሪ ላይ ስለነበር ተገኘ። የሙሽሪት ቤት ያለው፣ ጉልበት ሲስሙና አያትዋ ሲመርቁ የተቀረጸው፣ ግን እዛ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ለቤተሰቡ ደውዬ ስናገር የነበረውን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም።

ከሳምንት በኋላ ቆርቆሮውን ፈታሁት። አንተ እንዳትሞክረው፣ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሶኬት ከተነቀለም በኋላ 300 ቮልት የሚያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያየሁትን ግን ልንገርህ። መብራት የሚገባበት ቦርድ ላይ ለፊልተር የሚሆን ጥቅልልና ካፓሲተር ስዕላቸው ታትሟል፣ ቦታቸውም ተበስቷል፣ እቃው ግን የለም። በምትኩ አጭር ሽቦ ተበይዶ አልፏል። እንግዲህ ከግድግዳ የመጣው ሁሉ ሳይጣራ ነው የሚገባው። ሙቀት ማውጫው አሉሚኒየም እንደ ቢራ ቆርቆሮ ስስ ነው። አሁን ሱቅ ስገባ መጀመሪያ በእጄ የምመዝነው ለዚህ ነው። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ባዶ ሳጥን የሚመስል ነገር ከያዝክ መልሰህ አስቀምጠው።

ፓወር ሰፕላይ ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ በተለይ እኛ አገር። ስትገዛ መጠየቅ ያለብህ ሲሞት ብቻውን ይሞታል ወይስ ሌላውን ይዞ ይሄዳል የሚለውን ነው። ደህና እቃ ቮልቴጁ ሲያልፍ፣ ሾርት ሲፈጠር ወይም ከአቅም በላይ ሲጎተት ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው፣ ካርቶኑ ላይ ኦቪፒ፣ ኤስሲፒ፣ ኦፒፒ እያለ ይዘረዝረዋል። ርካሹም ሊዘረዝር ይችላል እኮ፣ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ይዘህ ዩቲዩብ ወይም ጎግል ላይ ፈትቶ የፈተሸው ሰው ካለ እይ። ሞዴሉ የትም የማይገኝ ከሆነ መልስህን አገኘህ ማለት ነው።

«80 ፕላስ ጎልድ ከሆነ አትጨነቅ» የሚሉህም አሉ፣ እዚሁ ከላይ ሁለት ሰው ጽፎልሃል። 80 ፕላስ የሚነግርህ ከግድግዳ ከሚስበው ስንቱን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ነው። ስለ መከላከያው ምንም አይልም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የጊጋባይት ፒ750ጂኤም የሚባለው ፓወር ሰፕላይ ጉዳይ በጊዜው ትልቅ ወሬ ነበር፦ ጎልድ ነው፣ ስሙም የታወቀ ነው፣ ግን ፈታሾች ከአቅሙ በላይ ሲጭኑበት ፈነዳ። ኩባንያው ራሱ በመግለጫ መከላከያው የሚቆርጥበትን ነጥብ ከ120–150 በመቶ ወደ 110–120 በመቶ አወረድኩ ብሏል። ስለዚህ ብራንድ ብለህ ብቻ አትግዛ፣ ሞዴል ብለህ ግዛ። ኮርሴርም ሲሶኒክም ርካሽና ውድ መስመር አላቸው። እኔ አሁን የያዝኩት ኮርሴር ሲኤክስ ነው፣ ብሮንዝ፣ 5 ዓመት ዋራንቲ የተጻፈበት። ዋራንቲው እዚህ ምን ያደርግልኛል ካልከኝ እውነትህን ነው፣ ማንም አሜሪካ ልኮ አያስለውጥም። ግን 5 ወይም 10 ዓመት የሚፈርም ኩባንያ እቃው በስድስት ወር ተመልሶ እንዲመጣበት አይፈልግም፣ እኔ እንደዛ ነው የማነበው።

አሁን ወደ መብራታችን። ላቤሉ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን እይ። 100–240 ቮልት ካለ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከግድግዳ የሚስበውን የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ሰፊ መግቢያ ነው፣ ይሄን ፈልግ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይደበዝዛል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት ያልፋል፣ ሦስት አራት ቤት አንድ ላይ ሲጥድ በቴስተር ለክቼ 170 ቮልት አይቻለሁ። ሰፊ መግቢያ ያለው ፓወር ሰፕላይ 170ን ምንም አይመስለውም። ለዚህ ነው ስታቢላይዘርህ ብዙ አይጠቅምህም ያልኩህ፦ የእሱ ዋና ሥራ የወረደውን ከፍ ማድረግ ነው፣ ያንን ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ይችለዋል። መብራት ሲሄድ ስታቢላይዘርም አብሮ ይሄዳል፣ ውስጡ ባትሪ የለውም። ጠቅ ጠቅ እያለ ሪሌው ሲቀያይርማ አንዳንዴ ራሱ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል።

ከሁሉ የከፋው ከፖሉ ኑትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ነው። 220 የነበረው ቤት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ያኔ ምንም ዓይነት ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ደህናው ብቻውን ይቃጠላል፣ ርካሹ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። አምፖል ከወትሮው በላይ ደምቆ ካየህ ምንም ሳታስብ ብሬከሩን አውርድ።

ገንዘብ ካለህ ከስታቢላይዘር ይልቅ ዩፒኤስ ግዛ፣ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ይይዝልሃል። ዩፒኤስ ላይም ያው ጨዋታ አለ፣ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ላንተ ያስኬዳል፣ ሴቭ አድርገህ እስክታጠፋ ከሆነ። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ የተስተካከለ ስላልሆነ አንዳንድ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ፓወር ሰፕላይ አይስማማውም፣ መብራት ሲሄድ ጭልም ይላል። ስለዚህ ከሱቁ ጋር «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብለህ ተነጋገርና ቤትህ ሶኬቱን ነቅለህ ሞክረው። ዩፒኤስ ከሌለህ ደግሞ መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀል፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ሰካ። ነጻ ነው። እኔ ያን ማታ ይሄን አላደረግኩም።

ኬዙን ስትነካ ይነዝረኛል ያልከው ደግሞ ቤትህ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ስለሌለው ይመስለኛል። ፊልተር ያለው እቃ ኤርዝ ካላገኘ ትንሽ ወደ ቆርቆሮው ያሳልፋል። ፓወር ሰፕላዩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ኤርዝ አስገባ፣ ሦስተኛውን እግር ሰብረህ አትሰካ።

ውጭ ያለ ዘመድ የላከላችሁ ኮምፒውተር ካለ ከኋላ ቀይ ማብሪያ መሳይ ነገር ፈልጉ። 115 ላይ ሆኖ እዚህ 220 ላይ ከሰካችሁት በዛው ቅጽበት አበቃ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣለትን እንዲህ አድርጎ ካርቶኑን በከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገደለው። ሰፊ መግቢያ ያለው ላይ ይሄ ቀይ ነገር የለም።

ዴልና ኤችፒ ያገለገለ ይዛችሁ ለምታነቡ፦ የእናንተ ኦሪጅናል ፓወር ሰፕላይ ዋቱ ትንሽ ነው እንጂ አይዋሽም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር 290 ዋት ነው፣ ባልደረባዬ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ሰክቶበት ዓመታት ሠርቷል፣ ካርዱ 75 ዋት ብቻ ስለሆነ ከማዘርቦርዱ ይበቃዋል። በ«600 ዋት» እንቀይርልህ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። የ9020ው ከማዘርቦርዱ ጋር መግጠሚያውም የተለመደው 24 እግር አይደለም፣ 8 ነው።

ወንድሜ፣ ዋጋ አልጽፍልህም፣ ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቅብኛል። ግን ጌሙን አንድ ደረጃ የሚያወርድ ካርድ ገዝተህ ቀሪውን ፓወር ሰፕላይ ላይ ብትጨምረው ይሻልሃል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ አትግዛ፣ ምን እንደበላ አታውቅም። ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሌላ ብራንድ ኬብል እንዳትሰካበት፣ መግጠሚያው ቢገባም ሽቦው ቦታው ሊለያይና ኤስኤስዲህን ሊያቃጥል ይችላል።

ላቤሉን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ስር ለጥፈው፣ አምፔሩን አብረን እናየዋለን። እስከዛ 3060ውን ከገዛኸውም አትሰካው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።