ስምንቱን ሴንቲሜትር ለምን ደበቅሻት?

«ጋሼ፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ወንድሜ ሞባይል ቤት ውስጥ ቦርድ እጠግናለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጣናን የውሃ ከፍታ በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያ ነበር። ጠዋትና ቀትር ላይ የሚሰጠው ቁጥር እስከ 8 ሴንቲሜትር ይለያይ ስለነበር፣ ኮዱ ላይ አማካይ እያስወሰድኩ አስተካክዬዋለሁ። ፍላጎቴ ለሳይንስ የሚሆኑ መለኪያዎችን መሥራት ነው። እናቴ ‹ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርሽው?› ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ሶፍትዌር ተማሪና ተገላገይ ይሉኛል። በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል? ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከዚህ ይረዝማል፤ አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅርታ። ስለ ሥራ ፍለጋው ሦስት ገጽ ጽፈሻል። ስለ 8 ሴንቲሜትሯ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። እኔን ይዞ ያስቀረኝ እሱ ነው።

አልትራሳውንድ ሴንሰር የሚለካው ጊዜን ነው። ድምፁ ሄዶ፣ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ። ርቀቱን የሚያወጣው ያን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት የሚያባዛው ኮድሽ ነው። ኮዱ ውስጥ 343 ብለሽ እንደጻፍሽ እገምታለሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። 343 ሜትር በሰከንድ ግን 20 ዲግሪ በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። በየዲግሪው 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ጠዋት 12 ዲግሪ፣ ቀትር 27 ዲግሪ ነበር እንበል። ልዩነቱ 9 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም ከመቶ 2.6 ገደማ ነው። ሴንሰሩ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ይኸው 8 ሴንቲሜትር መጣ! መሣሪያሽ አልተበላሸም ነበር። የአየሩን ሙቀት እየነገረሽ ነበር፣ አንቺ ግን አፉን ዘጋሽው። (የከተማችን ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኑ አያሳስብሽ። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ የግፊቱ መቀነስ አይደለም።)

አማካይ መውሰድ የሚያረጋጋው ወዲያና ወዲህ የሚዘለውን ስህተት ነው። 100 ጊዜ ለክተሽ አማካዩን ብትወስጂ ዝላዩ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሚዛን ግን መቶ ጊዜ ቢመዝኑበትም ያው ያጋደለ ነው። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

8 ሴንቲሜትር ምን አላት እንዳትዪ። ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እዚያ ላይ 8 ሴንቲሜትር ማለት 240 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። መለኪያ የሚሠራ ሰው የሚፈለገው ቁጥሩ በስንት እንደሚዋሽ ስለሚያውቅ ነው። አንቺ ያን አግኝተሽ ነበር፤ ከዚያ ግን ፈታኞቹ እንዳያዩት ሸፈንሽው።

እኔም ተሳስቻለሁ፣ አልዋሽሽም። እንዲያውም የኔ ይብሳል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቦታ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የግፊት ሴንሰር አስገባን። ገመዱ ረጅም ነው፤ የሚያልፈውም በውሃ ፓምፕ የኤሌክትሪክ መስመር ጎን ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ ናሙና እንወስዳለን፣ ማለትም 10 ጊዜ ለክተን እንመዘግባለን። ግራፉ ላይ በየ50 ሰከንዱ ገደማ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ የሚያምር ማዕበል ታየ። «ሐይቁ ይተነፍሳል» አልን። አንድ ባልደረባዬ ጥናት ማርቀቅ ሁሉ ጀምሮ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። መሣሪያው በባትሪ ስለሚሠራ መመዝገቡን ቀጠለ። የሐይቁ ትንፋሽ ግን ቀጥ አለ። መብራቱ ሲመጣ ትንፋሹም መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፓምፑ መስመር ኤሌክትሪክ ወደ ገመዳችን ሾልኮ ይገባ ነበር። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ይባላል እንጂ ልክ 50 ላይ አይቆምም። አንዴ 50.02፣ አንዴ 49.97 ይሆናል። 50.02 ኸርዝን በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ብታዪው፣ በ50 ሰከንድ አንዴ የምትዞር ዘገምተኛ ሞገድ ትመስልሻለች። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር እንደሚመስለው ማለት ነው። አንዴ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ የሐይቁን ከመብራቱ የሚለይልሽ ኮድ የለም። በሰከንድ 10 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ በትክክል የሚያየው ከ5 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከአናሎግ ወደ ዲጂታል መቀየሪያው ሳይደርስ፣ ቦርዱ ላይ መቅረት አለበት። 16 ኪሎ ኦም ሪዚስተርና 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ብቻ 50 ኸርዙን ወደ አንድ ሃምሳኛ ያወርዱታል። ከአንድ ማኪያቶ የማይበልጥ ዋጋ ያለው ነገር አጥተን ነው ወራት የከሰርነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ በየቀኑ በእጅሽ ትይዢዋለሽ። መልቲሜትርሽ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቁጥር የሚቀይረው ለምን ይመስልሻል? አንዱ ምክንያት የመብራቱን ሙሉ ዙር፣ 20 ሚሊ ሰከንድን ወይም ብዜቱን፣ ጠብቆ ስለሚደምር ነው። በሙሉ ዙር ውስጥ የ50 ኸርዙ ሽቅብና ቁልቁል ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ (የተለካን ምልክት በቁጥር ማጥራት) የሚባለው ትልቅ ስም እንዲህ ካሉ ትንንሽ ብልሃቶች ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ከኤፍፒጂኤ፣ ውስጡን ራስሽ ከምታዋቅሪው ፈጣን ቺፕ፣ አትጀምሪ። ብዙ ወጣቶች እዚያ ዘለው ይገቡና ይሰለቻሉ። ከመቀየሪያው በፊት ካለው አናሎግ ክፍል ጀምሪ። አንድ ስሌት ልስጥሽ። ፒቲ100 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር በየዲግሪው 0.385 ኦም ይቀየራል። 1 ሚሊ አምፒር ብትለቂበት 0.385 ሚሊ ቮልት ነው። አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው የጀማሪዎች ቦርድ ደግሞ 5 ቮልቱን 1,024 ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዷ ደረጃ 4.9 ሚሊ ቮልት ያህል ናት። በቀጥታ ብታገናኚያቸው ቁጥሩ አንድ ደረጃ እስኪዘል ሙቀቱ 13 ዲግሪ ገደማ መጨመር አለበት። መሀል ላይ ምን እንደሚያስፈልግ፣ እሱ የሚያስገባው የራሱ ጩኸት (ቁጥሩን የሚያዛባው ዝላይ) ስንት እንደሆነ ሠርተሽ ካሳየሽ፣ ከብዙ ተመራቂ ቀድመሻል። ቦርዱን ኪካድ በሚባለው የሰርኪዩት መሳያ ሶፍትዌር ሳዪው፣ ነፃ ነው። ሒሳቡን በፓይተን። እዚህ ላይ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ሲ እና ፓይተን ሳይዙ በዚህ ሙያ መኖር አይቻልም።

ሞባይል ቤቱን ደግሞ አትናቂው። በማይክሮስኮፕ ሥር አይሲ ነቅሎ መልሶ መትከል፣ ከሰርኪዩት ዲያግራም ላይ ሾርት ማደን፣ ግራውንድ የት እንደተቋረጠ በጠረኑ ማወቅ፣ ይህን ማስተርስ ያላቸው ሰዎች ሲቸገሩበት አይቻለሁ። ለእናትሽ እንዴት እንደምታስረጂ አላውቅበትም። እናቶች ደሞዝ እንጂ ክርክር አይሰሙም።

እንጀራው ጋ ልምጣ። ባሕር ዳር ውስጥ «የሳይንስ መለኪያ ዲዛይነር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚገኘው። ሆስፒታል ውስጥ ባዮሜዲካል ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒካል ረዳት ነው። ሜትሮሎጂና ውሃ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የጣቢያ መሣሪያ ጥገና። መጀመሪያ ላይ ደሞዙ ከሞባይል ቤቱ ገቢ ሊያንስ ይችላል፤ ይህን አውቀሽ ግቢ።

አንድ በር ግን ለብቻው ላሳይሽ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስ (ምድርን የከበበው የላይኛው ጠፈር) እና የራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ አለ። ለምን እዚህ? የምድር መግነጢስ ወገብ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያዘነብልበት መስመር፣ በአገራችን ያልፋል፣ ባሕር ዳርም ቅርቡ ናት። በ1957 እ.ኤ.አ.፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን በዚህ መስመር ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። እሱን በራዳር ማጥናት ካንቺ ፕሮጀክት ጋር ዘመድ ነው፦ ላኪ፣ ጠብቂ፣ ማሚቶውን ስሚ። ያንቺ ድምፅ 3 ሜትር ደርሶ ለመመለስ 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሬዲዮ ሞገድ ግን 100 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ሲመለስ አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላውም። ኤፍፒጂኤ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ያኔ ተማሪው።

እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄጂ ሲቪ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። አንድ የሠራሽውን ቦርድና ሁለት ገጽ የስህተት ሪፖርት ያዢ። ውጭ አገር ለማስተርስ ስታመለክቺም ያው ሁለት ገጽ ያገለግልሻል።

ሪፖርቱን ለመጻፍ አሮጌውን መሣሪያ ከሣጥን አውጪው። የሙቀት ሴንሰር ጨምሪበት፤ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ እንዲያገኘው አድርጊ። ኮዱ ላይ ያለውን 343 አጥፊና ፍጥነቱ ከሙቀቱ ይሰላ። ከጎኑ ውሃው ውስጥ ሴንቲሜትር የተሰመረበት እንጨት ትከዪ። ጠዋት 12 ሰዓትና ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ለአንድ ወር፣ የእንጨቱንም የመሣሪያውንም ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ። ማዕበል የበዛበትን ቀንም አትዝለዪ፣ ማዕበል እንደነበር ጻፊበት። ልዩነቱ ከ8 ሴንቲሜትር ወደ ስንት ወረደ? ቁጥሩን ላኪልኝ። ካልወረደም ላኪልኝ፤ ያኔ ሴንሰሩ አፍ ላይ ሸረሪት አድርቶ እንደሆነ እዪ።