ኤስትሮጅንን በጋራ የሚሠሩት ሁለት ሴሎች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የወር አበባዬ ሁለት ሦስት ወር እየዘለለ ስላስቸገረኝ ተመርምሬ «የወንድ ሆርሞንሽ በዝቷል» ተባልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ማየት አስጠልቶኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «የሴቷ ሆርሞን የሚሠራው ከወንዱ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ኤስትሮጅኔም አብሮ መብዛት አልነበረበትም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። «የወንድ ሆርሞን» የሚለውን አጠራር እኔ ታካሚዎቼ ፊት አልናገረውም፤ ስንቷን እንዳስለቀሰ አይቻለሁ። ስሙ አንድሮጅን ነው። በጤነኛ ሴት እንቁላል ማምረቻ ውስጥ ሁሉ ይመረታል፤ ያለ እሱ ኤስትሮጅን የለም።

እንቁላሏ የምታድግባትን ከረጢት፣ ፎሊክልን፣ በወረቀት ላይ ስስል ሁለት ክብ አደርጋታለሁ። የውጪው ክብ ቲካ የሚባሉት ሴሎች ናቸው፤ የውስጠኛው ግራኑሎሳ። በመካከላቸው ስስ ሽፋን አለ። የደም ሥሮች ቲካ ጋ ይደርሳሉ፤ እንቁላሏ እስክትወጣ ድረስ ግን ሽፋኑን አልፈው አይገቡም። ቲካ ኤልኤች በተባለው የፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞን ሲታዘዝ 27 ካርቦን ያለውን ኮሌስትሮል እየቆረጠ 19 ካርቦን ያለው አንድሮጅን ያደርገዋል። ሥራውም እዚያ ላይ ያበቃል። አንድሮጅኑ ሽፋኑን ተሻግሮ ግራኑሎሳ ጋ ይደርሳል። ግራኑሎሳ ደግሞ ኤፍኤስኤች የተባለው ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን ሲያነቃው አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል፤ አሮማቴዝ አንዲት ካርቦን ሲያነሳለት 18 ካርቦን ያለው ኤስትሮጅን ይሆናል። ግራኑሎሳ ብቻውን ከኮሌስትሮል ተነስቶ አንድሮጅን መሥራት አይችልም።

ይህን ሳስረዳ ስዊድናዊውን ቤንግት ፋልክን ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ከአይጥ እንቁላል ማምረቻ የለያቸውን ጥቃቅን ቁራጮች አይጥ ዓይን ውስጥ፣ በፊተኛው ክፍል ተከለ። አጠገባቸው ከብልት የተወሰደ ቁራጭ አኖረ፤ ይህ ሥጋ ኤስትሮጅን ሲነካው መልኩ ይለወጣልና ምስክር እንዲሆነው ነው። ሁለቱ ሴሎች ለየብቻ ሲተከሉ ምንም አልታየም። አብረው ሲሆኑ ግን ሥጋው ተለወጠ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሁሌም ያስደንቀኛል።

ወደ አንቺ ስመለስ፦ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ማምረቻ የሆርሞን መዛባት ነው። ኤልኤች ወይም ኢንሱሊን ሲበዛ ቲካ ከልኩ በላይ ያመርታል። ፎሊክሎቹ ግን እድገታቸው መሃል ላይ ስለሚቆም ግራኑሎሳ የመጣለትን ሁሉ አይቀይረውም፤ ትርፉ ወደ ደም ይገባል። እንቁላል እንዲወጣ ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ 2 ቀን ያህል መቆየት አለበት፤ ፒቱታሪም ኤልኤችን በብዛት የሚለቀው ያኔ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር የወር አበባ ይዘገያል።

የሕመምሽን ስም ካልነገሩሽ ግን በግምት አትያዢ። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ተደርጎልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ስትሄጂም ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኖች ጽፈሽ ያዢ።