አማካይ ውጤት ስለ ትምህርት ቤት ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አማካይ የፈተና ውጤት በማነጻጸር የትኛው በተሻለ እንደሚያስተምር ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አማካዩ ብቻውን አይበቃም። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ሰፊ ጥናት፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ ለሚታየው ልዩነት ከትምህርት ቤቶች የቁሳቁስ አቅርቦት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ የላቀ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል፤ ስለዚህ ተማሪው ሲገባ የነበረውን ውጤት በኋላ ካስመዘገበው ጋር አስተያይቶ እድገቱን መለካት ይሻላል። በትንንሽ ትምህርት ቤቶች ግን ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ስሌቱን ከዓመት ዓመት ሊያናውጡት ይችላሉ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ለፈተናው ስላልተቀመጡት ነው፦ በትምህርታቸው ደካማ የሆኑት ሲያቋርጡ አማካዩ ከፍ ስለሚል፣ የተፈታኞች ቁጥር ከመጀመሪያው የምዝገባ መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት።