ወታደር ልግባ ወይስ መኮንን? አሜሪካ ጦር ለመግባት ያሰባችሁ እህቶች ጥያቄዎች

ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አጥለቀለቃችሁኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ አርሚ (ምድር ጦር) የገባሁት በተራ ወታደርነት ነው፤ ከዓመታት በኋላ እዚያው ውስጥ ሆኜ መኮንን ሆንኩ፤ አሁን ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጎን አውቀዋለሁ። የማወራው ስለ አርሚ ብቻ ነው፤ ኔቪ፣ ኤር ፎርስና ማሪን የራሳቸው ደንብ አላቸው። ሪክሩተር፣ ማለትም ለሠራዊቱ ሰው የምመለምል፣ አይደለሁም፤ ብትገቡም ባትገቡም የማገኘው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ። ዲግሪዬን የያዝኩት አዲስ አበባ ነው። በቀጥታ ኦፊሰር መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ አሁን አትችዪም። መኮንን ለመሆን ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ዜግነት፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የሚስጥር ፈቃድ፣ ማለትም ሴኩሪቲ ክሊራንስ። አንቺ የጎደለሽ ዜግነቱ ነው፤ ክሊራንሱም ያለ ዜግነት አይሰጥም። በተራ ወታደርነት ግን በግሪን ካርድ መግባት ይቻላል።

ዲግሪሽን አትናቂው። አስገምግመሽ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ከተባለ፣ ከታችኛው የወታደር ማዕረግ ከኢ-1 ሳይሆን ከኢ-4 ትጀምሪያለሽ። ስፔሻሊስት ይባላል። ሪክሩተሩ ካላነሳው አንቺ አንሺው። ዲግሪ ይዘው በኢ-1 የገቡ የአገሬ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ወረቀታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

ዜግነቱ በሠራዊት በኩል ሲሆን የተለመደው የአምስት ዓመት ጥበቃ የለም፤ የማመልከቻ ክፍያም የለም። ክፍልሽ ማገልገልሽን የሚያረጋግጠውን ኤን-426 የሚባል ፎርም ይፈርምልሻል፣ አንቺ የዜግነት ማመልከቻውን ኤን-400 ታስገቢያለሽ። አንዳንዶቹ ቤዚክን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የወታደር ሥልጠና፣ ሲጨርሱ ዜጋ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የኦፊሰሩን ፋይል ከውስጥ ሆነሽ መጀመር ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ይህን ከቤተሰብ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ ከማዕረጉ ውጪ በሥራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ወታደሯ ሙያ አላት። ጀነሬተር ትጠግናለች፣ ቁስል ታስራለች፣ ራዲዮ ትዘረጋለች። መኮንኗ ሰው ትመራለች፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወረቀት ትመራለች። በ23 ዓመቷ ምክትል መቶ አለቃ ሆና አርባ የሚጠጋ ሰው ይሰጧታል። አጠገቧ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ያገለገለ የመቶው ሳጅን ይቆማል። እሱ ሁሉን ያውቃል፤ ፈራሚዋ ግን እሷ ናት። አንድ የሌሊት መነጽር ከጠፋ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ሁሉም ዕቃ እስኪቆጠር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሌላው ማደሪያ ነው። ያላገባች ዝቅተኛ ማዕረግ ያላት ወታደር የምትኖረው ባራክ ውስጥ ነው። ክፍሏ ይፈተሻል፤ ፍሪጇ ሳይቀር። መኮንኗ የቤት አበል ተቀብላ ውጭ ትከራያለች። በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ኑሮው ላይ ግን ይህን ያህል የሚለይ ነገር አላየሁም።

(አንድ ነገር ለሁላችሁም፦ ደረታችሁ ላይ የሚሰፋው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ሙሉ ቀን በወንድ ስም ትጠራላችሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ሌላ ሰው የተጠራ መስሏችሁ ዝም ትላላችሁ።)

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ሪክሩተሩ «ሜዲክ ሆነሽ ግቢ፣ በኋላ ትቀይሪያለሽ» አለኝ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለበዛ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ግማሻችን ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ውስጥ አይደል የምንሠራው።

በአርሚ ውስጥ አርኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) መኮንን ናት። ቢኤስኤን፣ ማለትም የነርሲንግ ባችለር ዲግሪሽ እውቅና ካለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ላይሰንስሽ የጸና ከሆነና ዜጋ ከሆንሽ፣ እንደ ወታደር መፈረም የለብሽም። በቀጥታ ሹመት ነው የምትገቢው። የሰፈር ሪክሩተር ይህን ፋይል አይሠራም። ለጤና ባለሙያዎች ብቻ የሚሠሩ ሪክሩተሮች አሉ፤ ቢሯቸውም ሌላ ነው። ሰውየው ዋሽቶሻል አልልም። በየወሩ የሚጠበቅበት ቁጥር አለ፤ ነርስነትሽ ለዚያ ቁጥር አይቆጠርለትም። ስለዚህ የጤና ሪክሩተሩን ስልክ ስጠኝ በዪው።

አሶሴት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ብቻ ካለሽ መጀመሪያ ቢኤስኤኑን ጨርሺ። ኦንላይን የሚሰጡ የአርኤን ቱ ቢኤስኤን ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ለሆናችሁ ወይም ነርሲንግ ለመጀመር ላሰባችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። 68ሲ የሚባለው ሥራ ወደ ኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ የነርስ) ላይሰንስ ያደርሳል። ሥልጠናው አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ የሚጀምረው ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን ነው። ደመወዝ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። ሜዲክ የሚሉት 68ደብልዩ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሜዳ ላይ ሕይወት ያድናል። ውጭ ስትወጡ ግን በእጃችሁ የሚቀረው የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ረዳት) ወረቀት ነው። ሁለቱ በቁጥር ስለሚቀራረቡ ፊርማ ላይ ፊደሏን አይታችሁ ፈርሙ።

ጥያቄ፦ ዲግሪም ዜግነትም አለኝ። በወታደርነት ገብቼ በኋላ ኦፊሰር ብሆን ይሻላል ወይስ ቀጥታ ልግባ?

መልስ፦ ሁለቱም ካሉሽ መጀመሪያ የኦፊሰሩን በር አንኳኪ። ከውስጥ ሆኖ መቀየር ይቻላል፤ እኔም ያደረግኩት ነው። ኦፊሰር ካንዲዴት ስኩል፣ መኮንን የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት፣ ከውስጥ ይቀበላል፤ ዲግሪ ለሌላቸው ደግሞ ግሪን ቱ ጎልድ የሚባል ፕሮግራም አለ። ግን የአለቃሽ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ጥሩ አለቃ ደግሞ ዕድል ነው። ባትቀየሪም የፈረምሽውን ዓመት ትጨርሻለሽ።

ቀጥታ ስትሄጂ ቤዚክ ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት ኦፊሰር ካንዲዴት ስኩል። ሁለት ነገር ይያዝልሽ። አንደኛ፣ የምትመደቢበት ክፍል በውጤትሽ ተራ ነው የሚወሰነው፤ ሎጂስቲክስ ፈልገሽ መድፈኛ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሁለተኛ፣ ከኮርሱ ከወደቅሽ ወደ ቤትሽ አትመለሺም፤ በተራ ወታደርነት ሠራዊቱ ወደፈለገሽ ቦታ ልትላኪ ትችያለሽ። ይህን የማይነግሯችሁ ብዙ ናቸው።

ተራ ወታደርነት የወደቀ ሰው ቦታ አይደለም። ልጅ ሆነሽ፣ ዲግሪ ሳይኖርሽ፣ ሙያና የትምህርት ገንዘብ ፈልገሽ ከሆነ እኔ እሱን ነው የምመርጥልሽ።

ጥያቄ፦ ብሩስ?

መልስ፦ በ2025 ሰንጠረዥ ኢ-1 በወር ወደ 2,319 ዶላር፣ ኢ-4 ወደ 3,027፣ አዲስ ምክትል መቶ አለቃ ወደ 3,998 ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ ይስተካከላል። የቤት አበል ከዚህ ውጪ ነው፤ ታክስም የለበትም። ከአራት ዓመት በላይ ወታደር ሆና ያገለገለች መኮንን ስትሆን በተለየ ከፍ ባለ ሰንጠረዥ ይከፈላታል። ጂአይ ቢል የሚባለው የትምህርት ገንዘብ ለሁለቱም አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አገልግሎት ሙሉውን ያስገኛል። ግን በሮትሲ (ኮሌጅ ውስጥ የሚሰጥ የመኮንን ሥልጠና) ስኮላርሺፕ ወይም በዌስት ፖይንት (የአርሚው የመኮንኖች አካዳሚ) የተማረች ለዚያ ያለባት የግዴታ ጊዜ አይቆጠርላትም።

ጥያቄ፦ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው።

መልስ፦ ብቻዋን የምታሳድግ እናት አክቲቭ ዲውቲ (የሙሉ ጊዜ አገልግሎት) ለመግባት በቀጥታ አትፈቀድም፤ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሞግዚትነቱን ለእናቴ በወረቀት ላዛውር የምትሉ አላችሁ። እሱ ፍርድ ቤት ያለበት ከባድ ነገር ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ፣ ሪክሩተር ስላለ ብቻ እንዳታደርጉት።

ከገባችሁ በኋላ መውለድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመኮንንም ለወታደርም እኩል 12 ሳምንት የወላጅ ፈቃድ አለ፤ ከወለድሽ በኋላ ለአንድ ዓመት ወደ ግዳጅ አትላኪም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አባት ነኝ። ሴት ልጄ ሃይስኩል ልትጨርስ ነው። እኛ ዶክተር እንድትሆን ነበር ያሳደግናት፤ እሷ ወታደር ካልሆንኩ ትላለች። ለሴት ልጅ ይሆናል?

መልስ፦ አባባ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የኔም አባት ለወራት አኩርፈውኝ ነበር። መጀመሪያ ደስ የሚልዎትን ልንገርዎ፦ ሁለቱ አይጣሉም። ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ የሠራዊቱ የራሱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ የለባቸውም፤ እንዲያውም በምክትል መቶ አለቃ ደመወዝ ይማራሉ። በምላሹ ሰባት ዓመት ያገለግላሉ። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ዲግሪ መያዝ አለባት። ዜጋ ከሆነች የሮትሲ ስኮላርሺፕ ትሞክር፤ ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ዌስት ፖይንትም አለ። እሱ በነጻ ነው፣ ግን የኮንግረስ አባል ጥቆማ ይጠይቃል። ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1976 ነው።

ለሴት ይሆናል ወይ ላሉት፣ ከ2016 ጀምሮ ለሴት የተዘጋ የውጊያ ሥራ የለም። እርስዎ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጠላትን ውኃ ማስያዛቸውን እየሰሙ ነው ያደጉት። ልጅዎን በ18 ዓመቷ «አይሆንም» ቢሏት ሄዳ ትፈርማለች፤ ፊርማዎ አያስፈልጋትም። አብረው ሪክሩተሩ ቢሮ ቢሄዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሹሩባ መሠራት ይቻላል? ጾምስ?

መልስ፦ ሹሩባ ይቻላል፤ ከ2021 ወዲህ ደንቡ ላልቷል። ለቤዚክ ከመሄዳችሁ በፊት ቀጠን አድርጋችሁ ተሠሩ፤ ሄልሜት ከሥሩ ወፍራም ጉንጉን አይወድም። ጾም ከበድ ይላል። በታሸገው የሜዳ ምግብ ውስጥ ሥጋ የሌለባቸው አሉ፤ አይብ ግን አይጠፋቸውም። ብዙዎቻችን ንስሐ አባታችንን አነጋግረን ነው የሄድነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳጅን ነው። እኔ መኮንን ብሆን ችግር አለ?

መልስ፦ የለም፣ ቀድማችሁ ስለተጋባችሁ። የተከለከለው በመኮንንና በወታደር መካከል አዲስ የሚጀመር ፍቅር ነው። ዩኒፎርም ለብሳችሁ ከተገናኛችሁ ሰላምታ የሚሰጠው እሱ ነው። እራት ላይ ማን እንደሚታዘዝ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤ በሙሉ ኢትዮጵያ ነው፤ በስሜ ኮንዶሚኒየምም አለ። ክሊራንስ ይከለክለኛል?

መልስ፦ ዘመድ መኖሩ በራሱ አይጥልም። የሚጥለው መደበቅ ነው። ኮንዶሚኒየሙን ጻፊው፣ የምትልኪውን ብር ጻፊው፣ በየሳምንቱ በዋትስአፕ የምታወሪውን አጎት ጻፊው።

ጥያቄ፦ ትንኮሳው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ2020 ፎርት ሁድ ላይ የተገደለችው ቫኔሳ ጊየን ተራ ወታደር ነበረች። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የወሲብ ጥቃት ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው አዛዡ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዓቃቤ ሕግ ነው። አለቃ ሳያውቅ ሕክምናና ምክር የሚገኝበት የሪፖርት መንገድም አለ። መኮንንነት ከዚህ አያስመልጥም። ግን በእኔ እይታ ባራክ የምታድር የ19 ዓመት ልጅ የበለጠ ትጋለጣለች። ከደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተጠቂዎች አማካሪዋ ማን እንደሆነች እወቁ፤ ስልኳን ያዙ። ገና ሳታስፈልጋችሁ።

ጥያቄ፦ ሐሙስ ፎርት ሚድ ሜፕስ (የመግቢያ ምርመራና ፊርማ የሚካሄድበት ማዕከል) ቀጠሮ አለኝ። በዚያው ቀን ትፈርሚያለሽ ብለውኛል። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ኮንትራቱ ላይ አምስት ነገር ፈልጊ፦ የሥራው ኮድ፣ የዓመቱ ብዛት፣ መነሻ ማዕረግሽ፣ ቦነሱና የምትሄጂበት ቀን። በአፍ የተነገረሽ ወረቀት ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። የፈለግሽው ሥራ ዛሬ የለም ካሉሽ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብለሽ መውጣት ትችያለሽ፤ ማንም አያስርሽም። ፈርመሽም ቢሆን፣ ለቤዚክ እስክትሄጂ ድረስ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ። በጤና ጥያቄዎቹ ላይ እውነቱን ተናገሪ፤ የሕክምና መዝገብሽን ኮምፒውተር ላይ ያዩታል። ግሪን ካርድሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽን ያዢ። ረጅም ቀን ነው፤ ማታ በጊዜ ተኚ።