ለስንት ሰዓት ነው?

ልጆቼ፣ ባለፈው ለለቅሶ ደብረ ብርሃን መጥቼ የሕክምና ተማሪዎች አገኛችሁኝ። ቡናው ሳይቀርብ ጥያቄያችሁ ቀደመ። «ዶክተር፣ ለጉበት ንቅለ ተከላ የቱ ማቆያ ፈሳሽ ይሻላል? ዩደብልዩ ወይስ ኤችቲኬ?» ሁለቱም የተወሰደው ጉበት እስኪተከል ድረስ በብርድ የሚታጠብባቸውና የሚቆይባቸው ፈሳሾች ናቸው። ብርዱ አፌን ይዞኝ በቅጡ አልመለስኩላችሁም። ይኸው አሁን ልጻፍላችሁ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ውጭ አገር ስማር በዚሁ ነገር ተከራክሬአለሁ። ቀኑ ከሕያው ለጋሽ የጉበት ቁራጭ የሚወሰድበት ነበር። ዩደብልዩ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ ብርድ ሴሉን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ሶዲየምን ከሴሉ የሚያስወጣው ፓምፕ ሲደክም ሴሉ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ያንን የሚከላከሉት በዩደብልዩ ውስጥ ያሉት ላክቶባዮኔትና ራፊኖዝ ናቸው። አለቃዬ ጓንቱን እያጠለቀ «ጉበቱ በረዶ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለኝ። ለጋሹ እዚህ፣ ተቀባዩ ቀጥሎ ባለው ክፍል። አንድ ሰዓት፣ ግፋ ቢል ሁለት። ዝም አልኩ። ከደብረ ብርሃን እዚሁ ቅርብ ያለችው ጫጫ ለመሄድ የሳምንት ስንቅ ስቋጥር ነበርና።

ዩደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ለረጅም መንገድ ነው። ከሟች የተወሰደ ጉበት ከከተማ ከተማ ሲጓዝ ምርጫው ያሳስባል። ከሕያው ለጋሽ ሲሆን ግን የተደረጉት ንጽጽሮች በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም።

ልዩነቱን የሚያውቀው እጃችሁ ነው። ዩደብልዩ ወፈር ይላል፤ እየተጎተተ ነው የሚወርደው። ኤችቲኬ እንደ ውሃ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ግን መጠኑ በዛ ማለት አለበት። በረዶ በሞላው ሳህን ውስጥ ጉበቱ ቀስ በቀስ ይገረጣል። የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። በዩደብልዩ አንድ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም አለ። በኤችቲኬ 10 ያህል፣ በደማችን 4 ወይም 5። ጉበቱ በደንብ ሳይታጠብ ደም ከተለቀቀበት የተቀባዩ ልብ ሊቆም ይችላል። እኔ አንዴ ማጠቢያውን ሳላዘጋጅ ክላምፑ፣ የደም ሥሩን የያዘው መቆንጠጫ፣ ሊፈታ ደርሶ ነበር። «ዶክተር፣ ማጠቢያውስ?» ያለችኝ ነርሷ ናት። ያን ሁሉ ክርክር የተከራከርኩት ሰውዬ አፌ ደረቀ።

ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላታለሁ።