ከሰርቨር ወደ አፕ የሚላከውን ዳታ ስለማቅለል፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሥራዬ ሰርቨር ላይ ነው። የሚላከው ዳታ ለምን እንደሚከብድና እንዴት እንደሚቀል ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኤፒአያችን (አፑ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት በር) ጄሶን (ዳታን በጽሑፍ፣ ከፊልድ ስሙ ጋር የሚጽፍ ፎርማት) ይልካል። ዝርዝሩ ሲረዝም አፑ ይንቀራፈፋል። ወደ ፕሮቶኮል በፈርስ (ዳታን አሳጥሮ በባይት የሚጽፍ የጉግል ፎርማት) እንቀይረው?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ የምትልኩትን እዩት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምና ቀን ብቻ ሆኖ፣ ሰርቨሩ የዳታቤዙን ረድፍ እንዳለ ሲልክ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የማይፈለገውን ፊልድ (እንደ ስም ወይም ቀን ያለውን የረድፉን አንድ ክፍል) አስቀሩ። ዝርዝሩንም በገጽ በገጽ ከፋፍላችሁ ላኩ። ከዚያ ጂዚፕ (ዳታን ከመላኩ በፊት የሚጨምቀው ዘዴ) ሰርቨሩ ላይ መብራቱን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የፊልዶቹን ስም ባሳጥርስ?

ጂዚፕ ከበራ ትርፉ ትንሽ ነው። ጂዚፕ የተደጋገመ ጽሑፍ ሲያገኝ እንደገና አይጽፈውም፤ ቀድሞ ወደመጣበት ቦታ ይጠቁማል። የፊልድ ስም ደግሞ በየረድፉ ይደጋገማል። ስሙን ብታሳጥረው የሚቸገረው ኮዱን የሚያነበው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ምላሽ ልጭመቅ?

አይ። ጂዚፕ ራሱ ቢያንስ 18 ባይት ስለሚጨምር በጣም ትንሽ ምላሽ ጭራሽ ሊያድግ ይችላል። የጄፔግ ፎቶም አስቀድሞ የተጨመቀ ነው። ፎቶን በቤዝ64 (ባይትን በተራ ፊደላትና ቁጥሮች በሚጽፍ ዘዴ) ቀይሮ ጄሶን ውስጥ መክተት ደግሞ መጠኑን በሲሶ ያሳድገዋል። ሊንኩን ብቻ ላክ።

ጥያቄ፦ አማርኛ ያለበት ምላሻችን ከእንግሊዝኛው በጣም ይበልጣል። ለምን?

ይሄ ብዙዎች የማያዩት ነገር ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ሥርዓት) 3 ባይት ይይዛል። ይህ አይቀሬ ነው። ግን አንዳንድ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ ቁጥሩ ቀይረው ይጽፉታል፤ ያኔ 6 ባይት ይሆናል። የፓይተን የጄሶን ሞጁል ካልከለከሉት እንዲህ ያደርጋል። «ኢንሹር አስኪ» (ensure_ascii) የሚለውን ምርጫ ፎልስ (False) አድርጉት። ጂዚፕ ልዩነቱን ያጠበዋል፣ ሆኖም ከምንጩ ማስተካከል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕሮቶኮል በፈርስ መቼ ይጠቅማል?

ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩና ቁጥር የበዛበት ዳታ ሲላክ። ጉግል በ2008 ለሁሉም የለቀቀው ይህ ፎርማት የፊልዱን ስም አይልክም፤ መለያ ቁጥሩን ብቻ ይልካል። ከ1 እስከ 15 ያሉት ከዳታው ዓይነት ጋር በ1 ባይት ስለሚጻፉ፣ እነሱን ለሚዘወተሩ ፊልዶች ስጧቸው። አደራ፣ የተሰረዘ ፊልድ ቁጥርን ለሌላ ፊልድ አትስጡ። ያልታደሰ አፕ ዳታውን አዛብቶ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ ዳታው ከመጨረሻው ጊዜ ወዲህ ካልተለወጠስ?

ኢታግ (ሰርቨሩ ከዳታው ጋር የሚልከው የቅጂ መለያ) ተጠቀሙ። አፑ በእጁ ያለውን መለያ ይልካል፤ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ 304 («አልተለወጠም» የሚል ኮድ) ብሎ ዳታውን ሳይልክ ይመልሳል።