ከመረጃ ሰብሳቢነት ወደ ተመራማሪነት

ውድ እህቴ፣

በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ አለሽ፤ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍልም ሠርተሻል። የስደተኞችን ጤና የሚያጠና አንድ ቡድን፣ ቋንቋቸውን ስለምትችይ፣ መረጃ ሰብሳቢና አስተርጓሚ አድርጎ ሊቀጥርሽ ይፈልጋል። የአንቺ ሐሳብ ግን ተመራማሪ መሆን ነው፤ «ሥራውን ልያዝ ወይስ በቀጥታ ማስተርስ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሥራውን ያዢ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ተደራደሪ።

በዚህ ዘርፍ ቋንቋ የሚችል ሰው በጣም ይፈለጋል፤ ይኸው ተፈላጊነት ግን እዚያው ሊያስቀርሽ ይችላል። ቃለ መጠይቁን ታደርጊያለሽ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ትገለብጫለሽ፣ ትተረጉሚያለሽ፤ ትንተናውን ሌሎች ይሠሩታል፤ ጽሑፉ ሲታተም ስምሽ ቢገኝ ምስጋናው ላይ ነው። ስለዚህ በትንተናው እንድትሳተፊና ረቂቁ ላይ አስተያየት እንድትሰጪ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። ይህ ልመና አይደለም። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመሪያ መረጃ ማሰባሰብን ለደራሲነት ከሚያበቁ አስተዋጽኦዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት መከለስ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆንም ያስፈልጋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው የቀሩትን የሚያሟላበት ዕድል ሊነፈግ እንደማይገባ መመሪያው በግልጽ ያስቀምጣል።

ትንተናው ላይ መገኘትሽ ለጥናቱም ይጠቅማል። መጠይቁ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መድኃኒት አልወሰዱም?» ይላል እንበል። ልጃቸው አጠገባቸው ስለተቀመጠ እናትየዋ «አንድም ቀን አላቋረጥኩም» ይላሉ። ልጁ ወጣ ሲል ግን ክኒኑ ካለቀ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ይነግሩሻል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ዜሮ» ነው፤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ተንታኝ ከዚያ ሌላ የሚያየው ነገር የለም። እንዲህ ሲገጥምሽ መጠይቁን በራስሽ አትቀይሪ። የታዘብሽውን የመስክ ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪና በቡድኑ ስብሰባ አንሺው። ተመራማሪነት የሚጀምረው እዚህ ይመስለኛል፤ ዲግሪው በኋላ ይደርሳል።

ለማስተርስ ያሰብሽው ርዕስ፣ «የስደተኞች ሥር የሰደደ በሽታ»፣ ገና ጥያቄ አልሆነም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በብዙ አገሮች አዲስ የገቡ ስደተኞች ከነዋሪው የተሻለ ጤና ይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ ምክንያት ለመሰደድ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ወጣቱና ጤነኛው መሆኑ ነው። ይህ ብልጫ ግን በቆይታ ብዛት እየጠበበ ይሄዳል። ከጦርነት የሸሹት ደግሞ መነሻቸው ሌላ ነው። እንግዲህ የመጡበትን ዘመንና ምክንያት ሳትይዢ ሁሉንም በአንድ ቋት ጨምረሽ ከነዋሪው ጋር ብታወዳድሪ ውጤቱ ያሳስትሻል። የጤና ጣቢያ መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጡበትን ዓመት አይዝም፤ ዜግነት ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ ዜግነት የቀየረው ሰው ከቁጥሩ ይጠፋል።

አንቺ ከሠራሽበት ክፍል የሚወጣ ጠባብ ጥያቄ ፈልጊ። አሜሪካዊቷ ሐኪምና የጤና አገልግሎት ተመራማሪ ባርባራ ስታርፊልድ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ መለኪያዎች ካደረገቻቸው አንዱ የክትትል ቀጣይነት ነው። ታካሚው በየቀጠሮው ያንኑ ባለሙያ ማግኘቱ በደም ግፊቱ ቁጥጥር ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? በአስተርጓሚ ለሚታከሙትስ ለውጡ ይጎላል? ይህ በአንድ ማስተርስ ሊያልቅ ይችላል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ኤፒዲሚዮሎጂን (የበሽታን ስርጭትና መንስኤ በሕዝብ ደረጃ የሚያጠናውን ዘርፍ) እና ስታቲስቲክስን በደንብ የሚያስተምር የሕብረተሰብ ጤና ፕሮግራም ምረጪ። ማመልከቻውን ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሲል አስገቢ፤ ያኔ ሥራሽን በቅርብ ያየ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልሻል።

ደመወዙ ላይም አንድ ነገር አጣሪ፦ የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥና መተርጎም ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ውሉ ላይ ይህ ተቆጥሮ እንደሆነ ሳታዪ አትፈርሚ።